«አሉ» የሚለው ማን ነው?



እንግሊዝኛ የሚማር ሁሉ «ጎሲፕ» እና «ስካንዳል» የሚባሉትን ሁለት ቃላት ሳያገኛቸው አይቀርም። አብዛኞቻችን የፊተኛውን ሐሜት፣ የኋለኛውን ቅሌት ብለን ተርጕመን እናልፋለን። እኔ ግን በቀላሉ ለማለፍ አልቻልሁም፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እገልጻለሁ።

«ጎሲፕ» ጥንት ክፉ ቃል አልነበረም። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ጎድሲብ» ይባል የነበረው በክርስትና የተዛመደ ሰው ነው፤ እኛ አበልጅ የምንለው መሆኑ ነው። አበልጆቹ፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ በወሊድ ጊዜ ተሰብስበው ይጫወቱ ነበርና ቃሉ ከሰዎቹ ወደ ጨዋታቸው፣ ከጨዋታቸውም ወደ ሐሜት ወረደ። ፈረንሳዮችም የክርስትና እናትን «ኮሜር» ይሏት ነበር፤ ከዚያው ቃል «ኮሜራዥ» የሚለውን የሐሜት ስም አወጡ። እስፓኞችም በ«ኮማድሬ» ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሦስት ሕዝቦች ጥፋቱን በአንዲት የክርስትና እናት ላይ ጫኑት! በእኛ አገር አበልጅነት እስከ ዛሬ የከበረ ስለ ሆነ፣ ጎርጎራ ውስጥ አበልጁን በዚህ ትርጕም የሚጠራ ሰው ቢገኝ ከቤቷ በደኅና የሚወጣ አይመስለኝም።

ጀርመኖች ደግሞ «ካፌክላች» የሚል ቃል አላቸው፤ ቡና እየጠጡ የሚወራ ወሬ ማለት ነው። ይህን ለእናቴ ብነግራት «እነሱም ጎረቤት አላቸው እንዴ?» ብላ ሳቀች። የሩሲያውያን «ስፕሌትኒያ» የወጣው ከመጐንጐን ነው፤ እኛም ተንኰል ተጐነጐነ እንላለን። ፖርቱጋልኛንማ የጎርጎራ ልጅ ሳያነሣ ማለፍ አይገባውም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን ማኅበር ሰዎች በዚህ በጣና ዳር ተቀምጠው ነበር። ከእነርሱ አንዱ እስፓኛዊው ፔድሮ ፓኤዝ ሲሆን፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በፖርቱጋልኛ ጽፎ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1622 ዓ.ም. እዚሁ ጎርጎራ ሞተ። በዚያ ቋንቋ ሐሜት «መሸሪኩ» ይባላል፤ ከማማሰል የወጣ ቃል ነው። እኛ «ነገር ቆስቋሽ» ከምንለው ብዙም አይርቅም፤ የእነርሱ በድስቱ ውስጥ፣ የእኛ ከድስቱ በታች።

«ስካንዳል» ግን የበለጠ አስደነቀኝ። መነሻው የጽርእ ቃል «ስካንዳሎን» ነው፤ እንስሳው ሲነካው ወጥመዱን የሚያስፈነጥረው እንጨት በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ኋላም በመጻሕፍት የመሰናክል ስም ሆነ። ላቲኖች ቃሉን ሳይተረጕሙ እንዳለ ወሰዱት፤ ከእነርሱም ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ተላለፈ። ግዕዛችን ግን «ዕቅፍት» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ ዛሬ በመንገድ ላይ «እንቅፋት መታኝ» ስንል የዚያኑ ዘመድ እንናገራለን። በአማርኛው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 «ማሰናከያ» ተብሎ ይገኛል። እዚያ ላይ ወዮታው የወረደው በማን ላይ እንደ ሆነ ያነበበ ያውቃል፤ ማሰናከያውን ባመጣው ሰው ላይ ነው። በዛሬው የአውሮፓ ጋዜጣ ግን «ስካንዳል» የሚለጠፈው በወደቀው ላይ ነው። ወጥመዱን የዘረጋው ከቃሉ ውስጥ ሾልኮ ወጣ። ቅሌት የሚለው ቃላችንም ከመቅለል የመጣ ስለ ሆነ የሚያየው የቀለለውን ሰው ብቻ ነው፤ ማን እንዳቀለለው አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ እንድመረምር ያደረገኝ በቤታችን የደረሰው ነገር ነው። ታላቅ እኅቴ ባሕር ዳር ስትማር ወባ ይዟት ትምህርት ሳይዘጋ ወደ ቤት ተመለሰች። በሳምንቱ «ተባረረች አሉ» ተባለ። ከዚያ ቀጥሎ የተባለውን እዚህ አልጽፈውም፤ ስለ አንዲት ልጃገረድ የሚባለውን ሁሉም ያውቀዋል። አባቴ «ከእንግዲህ ትምህርቱ ይቅርብሽ» እስከ ማለት ደረሰ። ሽማግሌዎች ወሬውን ተከትለው ከቤት ወደ ቤት ሄዱ። አንዱ ከሌላው ሰማሁ፣ ሌላውም ከሌላው ሰማሁ እያለ፣ በአምስተኛው ቤት የተጠሩት ሴት የመጀመሪያውን ቤት ባለቤት ጠሩ! «ማን አለ?» ተብለው ሲጠየቁ የሁሉም መልስ አንድ ነበር፤ «እንጃ፣ አሉ ነው የሚባለው»። ፈረንሳዮች «ኦን ዲ» የሚሉት ስም አላቸው፤ «ይባላል» ማለት ሲሆን፣ እንደ እኛ «አሉ» ባለቤቱ የማይታወቅ ነው። አሉባልታ በምንለው ቃል ውስጥም ይኸው «አሉ» ይሰማል።

እኅቴ ከሐኪም የተሰጣትን ወረቀት ለሽማግሌዎቹ አሳይታ፣ አባቴም እሺ ብሎ፣ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ዘንድሮ ትጨርሳለች። ነገር ግን ለዕረፍት ስትመጣ እስከ ዛሬ ድረስ ቤተ ክርስቲያን የምትስመው ሰው ሳይነቃ በሌሊት ነው። ወረቀቱን ያዩት ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ወሬውን የሰማው ግን አገሩ ሁሉ ነው።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ሁለቱን ቃላት እንድንተረጕም ባዘዙን ጊዜ፣ በ«ስካንዳል» ፊት «እንቅፋት» ብዬ ጻፍሁ። ብዙ ተከራከርን። እርሳቸው ለጋዜጣ የሚስማማው ቅሌት ነው አሉ፤ እኔም ለጋዜጣ ይሁን፣ ለእኅቴ ግን አልጽፈውም አልሁ።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከመስጠቴ በፊት «እታለም፣ ያንቺን ነገር ባነሣው ትፈቅጃለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ፈቅጃለሁ፤ ብቻ ስምህን ከሥሩ ጻፍበት» አለችኝ።