የጋራ ጭቃ

«ቅርጻ ቅርጽ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን ወደ ኋላ እንላለን። ነፍስ ያለውን ፍጡር ምስል አቁሞ ማክበር ከተውሒድ ጋር እንደማይስማማ ከልጅነታችን ተምረናልና ጥንቃቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥንቃቄው ጎረቤት ተሰብስቦ በእጁ ከሚሠራው ሁሉ የሚያርቀን ከሆነ፣ እኛ ጋምቤላ የምንኖር ቤተሰቦች ጉዳዩን ደግመን ልናየው ይገባል።

እዚህ የኑዌር ልጆች ከጭቃ ከብት ይሠራሉ። ቀንዱን እያሾሉ፣ በረት እያበጁ፣ በጨዋታ ጥሎሽ እየሰጡ ይውላሉ። የእኛም ልጆች ከመሃላቸው አይጠፉም። ልጃችን የጭቃ በሬ ይዞ ሲገባ አያቱ «ከቤት ይውጣ!» አሉ፤ እኛ ደግሞ የእናታችንን የዓኢሻን (ረ.ዐ) ፈረስ አስታወስን። ከአሻንጉሊቶቿ መካከል የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ ነበራት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለው ቢጠይቋት የሱለይማንን (ዐ.ሰ) ፈረሶች ጠቀሰችላቸው፤ እርሳቸውም ሳቁ። ከዑለማእ ብዙዎቹ በዚህ ሐዲስ ተነሥተው የልጆችን መጫወቻ ለይተው ይፈቅዳሉ። የሚያጠብቁም አሉ፤ አያቱ ከእነርሱ ጋር ናቸው።

ለአዋቂውስ? ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) በሥዕል ለሚተዳደር ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሠራ መክረውታል። ይህ በር ሰፊ ነው። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ መካኒሳ የተከፈተውን ዞማ ሙዚየም ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ ነው ያሠሩት፤ ግድግዳው ራሱ ቅርጽ ነው። እኛን ይበልጥ የሚማርከን ግን በማሊ የሚገኘው የጄኔ ታላቅ መስጊድ ነው። የዛሬው ሕንፃ በ1907 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሲሆን፣ የከተማው ሰው በየዓመቱ ወጥቶ በጭቃ ይለስነዋል። ወጣቶች ከግድግዳው በወጡት እንጨቶች ላይ ይንጠላጠላሉ፣ ሴቶች ውኃ ያመላልሳሉ፣ ልጆች ጭቃውን ይረግጣሉ።

የጋምቤላ ዝናብ ብርቱ ነው፤ የጭቃ ሥራ በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል። ሌላው እንደ ጉድለት የሚቆጥረውን እኛ እንወደዋለን። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ደም የፈሰሰባት ይህች ከተማ፣ አኙዋውንም ኑዌሩንም ከደጋ የመጣውንም በየዓመቱ በአንድ ጭቃ ዙሪያ የሚያገናኝ ሥራ ያስፈልጋታል።

ከመስጊዱ አጥር ውጪ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ መደብና የውኃ ጋን ማስቀመጫ ብንሠራስ? ጋኑን ሸክላ የሚያውቁት የአኙዋ እናቶች ይሥሩት። መደቡን የየሰፈሩ ልጆች በጣታቸው ያስጊጡት፤ ዛፍ፣ ወንዝ፣ ጀልባ ይሁን። መንገደኛ ማንም ቢሆን ይቀመጥበት፣ ይጠጣ። ጭቃው ከሣር ጋር ተቦክቶ መሰንበት አለበትና ዝናቡ ሲያባራ፣ በኅዳር፣ መጀመር ይቻላል። ሣሩን እኛ እናመጣለን።