ባሕር በሌለበት ስለ ሸራ

ከሱዳኗ ገዳሪፍ ወደ ኡም ጋርጉር የሚወስደው መንገድ በበጋ አይከብድም። ሰሊጡ ታጭዷል፤ ጥቁሩ መሬት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በክረምት ግን ያው መሬት ጭቃ ሆኖ የጭነት መኪና ጎማ ይውጣል። የተጓዝኩት በ2015 ዓ.ም. ከጀመረው የሱዳን ጦርነት በፊት ነው። ለኤርትራ ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው መጠለያ ድንኳንነቱ ቀርቶ ጎጆ፣ አጥርና ሱቅ ያለው መንደር ሆኗል። ቀይ ባሕር ከዚህ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ቡና ስንጠጣ የተዋወቅኳቸው ሽማግሌ ግን የባሕር ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከምጽዋ ወደ ዳህላክ፣ አንዳንዴም እስከ ጅዳ በሳምቡክ፣ በባለሸራ የእንጨት ጀልባ፣ ይመላለሱ ነበር። አማርኛቸው የወደብ አማርኛ ነው፣ ዐረብኛ ጣልቃ ይገባበታል።

«ሐጂ፣ ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ጀልባዋ እንዴት ወደ ፊት ትሄዳለች?» አልኳቸው።

«ከኋላ ሲመጣ ይገፋታል፤ ከጎን ሲመጣ ግን ይስባታል፣ ልጄ።»

መሐንዲሶችም ከዚህ የራቀ ነገር አይሉም። ሸራ ነፋስ ሲሞላው ሆድ ያወጣል፤ በጎበጠው በኩል የሚያልፈው አየር ፈጥኖ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ሸራውም ወደዚያው ይሳባል። የአውሮፕላን ክንፍም ቀጥ ብሎ ቢቆም እንዲሁ ነበር። ጀልባዋ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት የሚይዛት ደግሞ ውሃ ውስጥ ያለው አካሏ ነው። ዘመናዊዋ ባለሸራ የመዝናኛ ጀልባ፣ ያት፣ ለዚህ ከሆዷ ሥር ጠልቆ የሚወርድ ሰፊ ሳንቃ መሳይ አካል አላት፤ ጫፉ ላይ የታሰረው እርሳስም እንዳትገለበጥ ይመዝናታል። ስለዚህ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ 45 ዲግሪ ያህል ብቻ ዞር ብላ መጓዝ ትችላለች።

ሳምቡክ እንዲህ አትደፍርም። ምሰሶዋ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው፤ ሸራው የሚንጠለጠልበት ዘንግ ከምሰሶው ይረዝማል፣ ከብዙ እንጨት ተቀጣጥሎ በገመድ የታሰረ ነው። አቅጣጫ ለመቀየር ጀርባዋን ለነፋስ ትሰጥና ያ ሁሉ ዘንግ ቀጥ ተደርጎ በምሰሶው ፊት ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል። ሐጂ ይህን ሲናገሩ ተነሥተው ቆሙ፤ ገመዱን የሚጎትተው፣ የሚለቀው፣ የሚጮኸው ማን ማን እንደነበር በእጃቸው እያሳዩ ቦታ ቦታ አስያዙን። ጎረቤታቸውን ሳይቀር አሰልፈውታል።

እኔን የገረመኝ የሰዉ ብዛት ነው። ያት ላይ አንዱ ገመድ ይለቀቃል፣ ሌላው በገመድ ማጠንጠኛው በዊንች ይወጠራል፣ አለቀ። እኔ እንደሚመስለኝ ሸራን የሚቀርጸው ነፋስ ብቻ አይደለም፤ ገመዱን የሚይዙት እጆች ብዛትም ነው። ርካሽ ጉልበት ባለበት ከባድ ዘንግ ችግር አይሆንም፤ ባለቤቱ ራሱ በሚነዳበት ደግሞ አሉሚኒየም፣ ካርቦን ፋይበርና ዊንች የመርከበኞቹን ቦታ ይወስዳሉ።

ይህ ሒሳብ አሮጌ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ አፄ ካሌብ ከአዱሊስ ወደብ ወደ የመን በዘመቱበት ዘመን፣ የባይዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ በዚህ ባሕር ያሉ ጀልባዎች በምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ ናቸው ብሎ ጽፏል። መስፋት እጅ ይበላል፤ ግን ምስማር አይጠይቅም።

ነፋሱም መርከበኞቹን ይረዳ ነበር። በሰሜኑ ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ በአብዛኛው ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፤ በደቡቡ ግን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ይገለበጣል። ወቅቱን የሚጠብቅ ነፋስን ፊት ለፊት መታገል ብዙም አያስፈልገውም። ሐጂ አንዳንዴ ወደብ ላይ ሳምንታት ይቀመጡ እንደነበር ነገሩኝ፣ ቅሬታ በሌለው ድምፅ። ከዚያ ሞተር መጣ። ዘንጉም ሰዉም ቀነሰ።

ስልኬን አውጥቼ የውድድር ያት ፎቶ አሳየኋቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ዋንጫ ላይ በቀጫጭን ክንፎች ከውሃው በላይ ተነሥተው ከበረሩት አንዷን። ምሰሶዋን ረጅም አሉት፤ ሸራዋንም ወደዱት።

«ምን ትጭናለች?»

«ምንም። ሰዎቹን ብቻ።»

ፎቶውን እንደገና አዩት። «ታዲያ ወዴት ነው የምትሄደው?»