የተፈታው ሬዲዮ

ባለቤቴ ካረፈ አምስት ዓመት ሆኖታል። ከእሱ ከቀሩኝ ዕቃዎች ሁሉ ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው በእንጨት ሣጥን በተሠራው ሬዲዮው ላይ ነበር። ድምፁ ከጠፋ ወራት ቢቆጠሩም ከጠረጴዛው ላይ አላነሳሁትም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ያ ሬዲዮ ሆዱ ተከፍቶ፣ ሽቦው ተዘርግቶ ወለሉ ላይ አገኘሁት። አጠገቡ የአሥራ ሁለት ዓመቱ የልጅ ልጄ ተንበርክኳል።

እናቱ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ለእኔ ትታው ገና አራት ወሯ ነበር። ልጁ ዝምተኛ ነው። ያን ቀን ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ጮህኩበት፤ መታሁትም። በአርጆ፣ በጊምቢና እዚሁ በነቀምቴ የሰው ልጅ ሳስታምም ዕድሜዬን የጨረስኩ ነርስ በአንዲት ደቂቃ ራሴን ረሳሁ። አላለቀሰም። የተበተነውን ሰብስቦ ካርቶን ውስጥ ከተተና ወደ ጓዳ ገባ። ከዚያ በኋላ ካልጠየቅኩት በቀር አያናግረኝም ነበር።

ካርቶኑን ይዤ ወደ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሄድኩ። ወጣቱ አገላብጦ አየውና፣ «ሲስተር፣ ይሄ ድሮም ውስጡ ተቃጥሏል፤ መለዋወጫም አይገኝለትም። ልጁ አይደለም ያበላሸው። ብሎኖቹን ይመልከቱ እንጂ፤ እያንዳንዱን በለስላሳ ቆርኪ ለይቶ ቁጥር ጽፎበታል» አለኝ። እውነትም ቁጥሩ ነበር። እኔ አላየሁትም።

ቤት ተመልሼ «ለምን ፈታኸው?» አልኩት።

«ዝም ስላለ ነው። እንዲያጫውትዎት ብዬ ነው አኮ» አለኝ። በኦሮምኛ «አያቴ» ማለቱ ነው። እኛ ባደግንበት ወግ ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ አይጠይቅም። ከአፌ ለማውጣት ከብዶኝ ነበር፤ ግን ጠየቅኩት።

ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣው አጎቱ ካርቶኑን ሲያይ የሠዓሊ ኤልያስ ስሜን ሥራዎች በስልኩ አሳየን። ኤልያስ የወዳደቁ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችን፣ ሽቦዎችንና የኪቦርድ ቁልፎችን ከመርካቶ እየሰበሰበ፣ እየጎነጎነ፣ እንጨት ላይ እየመታ ይሠራል። ሥራውን ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን ላይ ሆነው እርሻና ከተማ የሚያዩ ይመስላል። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተከፍቷል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሥራዎቹ ጣሊያን አገር በቬኒስ ቢየናሌ ቀርበዋል።

ልጁ ብዙ ካየ በኋላ «ቆንጆ ነው፤ ግን አይንቀሳቀስም። እኔ የሚንቀሳቀስ ነው የምፈልገው» አለ። አጎቱ ሳቀና እንዲህ ያለም ጥበብ እንዳለ ነገረው፤ ዣን ቲንግሊ የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው ከቁርጥራጭ ብረትና ከሞተር የሚንቀሳቀሱ ቅርጾች ሲሠራ እንደኖረ። ወዲያው አሮጌ ላፕቶፑን ትቶልን ሄደ፤ በሳምንቱም በአውቶቡስ አንድ ትንሽ ዕቃ ላከልን።

ውስጡ መዳፍ የማትሞላ አርዱይኖ የምትባል ሰሌዳ ነበረች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ጣሊያን ውስጥ ኢቭሬያ በምትባል ከተማ የተሠራች ናት። የተሠራችውም ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ የዲዛይን ተማሪዎች ነው። ይህን ስሰማ «እንግዲያው ለእኔም ትሆናለች» ብዬ መነጽሬን አደረግኩ።

የገረመኝ ብዙው ነገር ከሙያዬ ሩቅ አለመሆኑ ነው። ሬዚስተር የሚሏት ጭረት ያለባት ፍሬ መብራቷ እንዳትቃጠል ኤሌክትሪኩን ትቀንሳለች፤ የግሉኮስ ቱቦ ላይ ጠብታውን የምናጠብበት መቆጣጠሪያ ማለት ናት። ሁለት ዓይን ያላት ሴንሰር ደግሞ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ትልካለች፤ ድምፁ ነገር ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ለክታ ርቀቱን ትናገራለች። ነፍሰ ጡሮች የሚታዩበት አልትራሳውንድም መሠረቱ ይኸው የድምፅ መመለስ ነው። ኮዱን እሱ ይጽፋል፤ እኔ እያነበብኩ አርማለሁ። አንዲት ምልክት ከጎደለች አይሠራም። በመድኃኒት መጠን ላይ አንዲት ነጥብ ስትሳሳት ምን እንደምታደርስ ለማውቅ ለእኔ ይህ አዲስ አልሆነብኝም።

አንድ ማታ ግን ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ አቀያይሬ ሰካሁ። ትንሽ ጭስ፣ ትንሽ ሽታ፤ ሴንሰሯ ሞተች። ደነገጥኩ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና እናቱ ከሄደች ወዲህ ሰምቼው በማላውቀው ሳቅ ሳቀ። «ችግር የለም አኮ፤ ሌላ አለን። ሁለተኛ ቀዩን አስቀድመው ይዩ» አለኝ። እኔ በሬዲዮው ቀን ልለው ይገባኝ የነበረውን እሱ ለእኔ አለኝ። ያን ሌሊት ቶሎ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሦስት ወር ፈጀብን። ከወተት ቆርቆሮ ክንፍ ቆርጠን ርግብ ሠራንና በባዶው የሬዲዮ ሣጥን ላይ አስቀመጥናት። ሰው አንድ ሜትር ያህል ሲቀርባት ትንሿ ሞተር ክንፏን ታነሳለች፤ ከሥር ካለው ከራሱ ከሬዲዮው ድምፅ ማጉያም ሦስት አጫጭር ድምፅ ይወጣል። መብራት ሲጠፋም በፓወር ባንክ ትሠራለች። ለቡና የመጡ ጎረቤቴ መጀመሪያ ሲያዩአት «ያ ዋቃዮ!» ብለው ሲኒያቸውን ሊጥሉ ነበር። አሁን እሳቸው ራሳቸው ሰው እየጠሩ ያሳያሉ። እናቱም በስልክ አየቻት፤ «አንድ ጊዜ ድገመው» እያለች ብዙ ጊዜ አስደገመችው።

ይህን አንብባችሁ ከልጆች ጋር ልትሞክሩ ብትነሱ እንደ ነርስ የማሳስበው አለኝ። ልጆች ግድግዳው ላይ ካለው 220 ቮልት ጋር ምንም ነገር እንዳያገናኙ፤ በትንንሽ ባትሪ የሚሠራው ይበቃቸዋል። እንደ ሳንቲም ክብ የሆኑትን ባትሪዎች ከሕፃናት አርቁ። ልጅ ከዋጣቸው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥሉ ይችላሉና፣ ለማስመለስ ሳትሞክሩ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ያበጠ የስልክ ባትሪ አይነካ፣ አይበሳ። ብየዳ ካለ መስኮት ይከፈት፤ ብየዳው እርሳስ ስላለበትም ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ። አጠገባቸውም ቁጭ በሉ።

ዕቃ መግዛት ግዴታ አይደለም። ከተሰበረ መጫወቻ የወጣ ሞተር፣ ሁለት ባትሪና ካርቶን መጀመሪያ ይሆናል። ከሁሉ በፊት ግን ልጁ አንድ ዕቃ ፈትቶ ስታገኙት ከመጮኻችሁ በፊት ብሎኖቹን እዩ።

የባለቤቴ ሬዲዮ ዛሬም ዜና አይናገርም። ጠዋት ጠዋት መጋረጃ ልገልጥ ሳልፍ ግን ርግቧ ክንፏን ታነሳለች፤ ከጓዳ ደግሞ «አኮ፣ ተነሱ እንዴ?» የሚል ድምፅ ይመጣል።