ሽጉጥ ታጥቄ የቆምኩባቸው ሌሊቶች

ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ በምሠራበት ጊዜ ለስድስት ወር ያህል ሽጉጥ በግልጽ ታጥቄ ገንዘብ ተቀብያለሁ። ለሀገር ቤት ዘመድ ሳወራው ይስቃል። "አሜሪካ ድረስ ሄደህ ሸፈትክ?" ያለኝ የአክስቴ ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ ተዘረፈ፤ አሠሪዬ "ከፈለግህ ያዝ" አለኝ፤ ያዝኩ። ቴክሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2016 ጀምሮ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ማኅደሩ ውስጥ አድርጎ በግልጽ መታጠቅ ይችላል። ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ ደግሞ 21 ዓመት የሞላው አብዛኛው ሰው ፈቃድም አይጠየቅም። እኔ ግን የወረቀት ሰው ነኝና ፈቃዱን አወጣሁ። ትምህርቱ ግማሽ ቀን፣ ፈተናው 50 ጥይት። ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ጠብን ያለ ጉልበት ስለማብረድ ነው። አስተማሪያችን፣ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ፣ "እጅ እዩ፤ ልብስ አይተኩስም" ማለት ይወድ ነበር። ሁላችንም ጻፍነው። እኔ እንዲያውም አሰመርኩበት።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ዓይን ማስታወሻ ደብተር አያገላብጥም። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የማየው ኮፍያ ነበር። ከዚያ አንገት ላይ ያለ ንቅሳት። ከዚያ፣ ልዋሽ አልችልም፣ የቆዳ ቀለም። እኔው ራሴ ጥቁር ሆኜ።

አንድ ሌሊት አሥራ ዘጠኝ ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ ገባ። የሹራቡን ኮፍያ ግንባሩ ድረስ ስቦታል፤ አንድ እጁ ሆዱ ላይ ካለው ኪስ ውስጥ ነው። እጄ ሳላዘው ወደ ወገቤ ሄደ። ልጁ አየኝ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም፣ ያሳዘነኝ ደግሞ አልደነገጠም። እጁን ቀስ አድርጎ አወጣና ሁለቱንም መዳፎቹን ባንኮኒው ላይ ዘረጋ፤ ብዙ ጊዜ እንደተለማመደው ያስታውቃል። ከመዳፉ ሥር ሳንቲም ነበር። የሕፃን ወተት ሊገዛ መጥቶ ነው። ቆጠርኩለት፤ ትንሽ ጎደለው፤ "ተወው" አልኩ። አላመሰገነኝም፤ ልክ ነው።

በዚያው ሰሞን ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚያውድ ሰው መጣ። ሱቁን ሁለቴ ዞረ። ካሜራው ወዴት እንደሚያይ ቀና ብሎ አየ። "ሌሊቱን ብቻህን ነህ? ፈረቃ የሚቀይርህ ስንት ሰዓት ይመጣል?" አለኝ። እኔ በፈገግታ ሁሉንም ነገርኩት። ምን ፈልጎ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባትም ጨዋታ ወዳድ ብቻ ነው። ግን አስተማሪው ከነገረን የአጠራጣሪ ጠባይ ምልክት ግማሹ ፊቴ ቆሞ ሳለ የሸሚዙ ኮሌታ ሸፈነብኝ።

ሰውን በመልኩ መገመት የቆየ በሽታችን ነው። ያለ መሣሪያ ብሳሳት ግን መታረሚያ ጊዜ አለኝ፤ አፍራለሁ፣ ይቅርታ እላለሁ፣ ሻይ እጋብዛለሁ። ሽጉጡ የወሰደብኝ ያንን ጊዜ ነው።

ተራው ደግሞ የኔ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ወጥቼ እንጀራ ልገዛ ሐበሻ ሱቅ ገባሁ፤ ሽጉጡ ወገቤ ላይ መኖሩን ረስቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት "ወንድሜ" ብላ ሰላም ያለችኝ ሴት፣ ልጇን ወደ ኋላዋ ሳበችው። ባለ ሱቁ ጋሼ በጣቱ በሩ ላይ የተለጠፈውን አሳየኝ፤ በሕጉ አንቀጽ 30.07 መሠረት በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ፣ ኢንች በሚያክል ፊደል፣ መሣሪያ በግልጽ ይዞ መግባት ይከለክላል። "በአማርኛ ባይጻፍም አንተንም ይመለከትሃል፣ ልጄ" አለኝ። ዙሪያው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መኪናዬ ውስጥ ግን ቆየሁ። እኔ ሰው መሆኔን የሚያውቁ ሰዎች እንዲህ ካዩኝ የማያውቀኝ ፖሊስ እንዴት ያየኛል?

መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አይጠይቅም። ብዙ የሀገራችን ሰው በሚኖርባት ሚኒሶታ፣ ጁላይ 2016፣ ፊላንዶ ካስቲል የተባለ የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኛ መኪናውን እየነዳ ሲሄድ ፖሊስ አስቆመው። ፖሊሱ ከማስቆሙ በፊት በሬዲዮ ያስተላለፈው ምክንያት የአፍንጫው ስፋት የዘራፊ ተጠርጣሪ ያስመስለዋል የሚል ነበር። ካስቲል ፈቃድ ነበረው፤ መሣሪያ መያዙን ራሱ በጨዋ ቃል ተናገረ። ከሰከንዶች በኋላ ሰባት ጊዜ ተተኮሰበት። በዓመቱ ፖሊሱ ነፃ ወጣ። እኛ "ሰልካካ አፍንጫ" እያልን የምንኩራራ ሰዎች ይህን ስንሰማ ምን እንደሚሰማን እንጃ፤ አንዳንዶቻችን በልባችን "እኛን አይመለከትም" ሳንል አንቀርም። በጨለማ፣ በመኪና መስታወት በኩል፣ ሰልካካውን ከሰፊው የሚለይ የለም።

ከዚያ በፊት በ2014 ኦሃዮ ውስጥ ጆን ክሮፎርድ የተባለ ሰው ከዋልማርት ሱቅ መደርደሪያ ያነሳውን የአየር ጠብመንጃ ይዞ በስልክ እያወራ ሳለ በፖሊስ ተገደለ። ለፖሊስ የደወለው ሰው "ሰዎች ላይ እየደገነ ነው" ብሎ ነበር፤ ቪዲዮው ግን ያንን አላሳየም። ኦሃዮ እውነተኛ መሣሪያም በግልጽ መያዝ የሚፈቀድበት ክልል ነው።

የቴክሳስ ሕግ ራሱ የሚጠይቀው ስለ ጠባይ ነው። መሣሪያን ሆን ብሎ ሰው በሚያስደነግጥ መንገድ ማሳየት ወንጀል ነው ይላል። ግን ደንጋጩ ማን ነው? አንዱ ሲታጠቅ "መብቱ" ይባላል፤ ሌላው ሲታጠቅ ስልክ ይደወላል።

አባቴ ያደገው ጎጃም ገጠር፣ ምንሽር ያልያዘ ወንድ ብርቅ በሆነበት ነው። መሣሪያ ብቻውን ማንንም አያስደነግጥም ነበር ይላል። የመሸበት መንገደኛ ሲመጣ ሰዉ የሚያየው ከሩቅ ድምፁን ማሰማቱን፣ ቤት ሲገባ ጠብመንጃውን ለባለቤቱ ማስረከቡን ወይስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ መቀመጡን ነው። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ "ያው በጠባይ ነው የምትፈርዱት ማለት ነው" አልኩት። "ኧረ መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆነ እንጠይቃለን" አለኝ።

በሰባተኛው ወር ሽጉጡን ቤት ቆልፌ አስቀመጥኩት። ያ ልጅ አንድ ሌሊት እንደገና መጣ፤ በዚህኛው ጊዜ ኮፍያ አልነበረውም። ወገቤን አየት አደረገ፤ ባዶ ነው። ቢሆንም ወደ ባንኮኒው ሲጠጋ ሁለት መዳፎቹን ዘረጋ። መልሱን ቆጥሬ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።