ሲመሽ የሚታይ ፍቅር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የወላጅን ፍቅር ለመመርመር ብትፈልግ በቀን አትመርምረው። ቀን የሥራ ነው፤ ልጅ ይላካል፣ ይታዘዛል፣ ሲያጠፋም ይገሠጻል። እንስሳውም ቢሆን ቀኑን የሚያሳልፈው ሆዱን ለመሙላት በመሯሯጥ ነው። ፀሐይ ጠልቃ ሁሉም ልጁን ወደ ማደሪያው በሚሰበስብበት በዚያ ጥቂት ሰዓት ግን፣ ቀን ተሸፍኖ የዋለው ነገር ይገለጣል።

እኔ የተወለድሁት በአምባሰል ነው። በልጅነቴ ገብስ እጠብቅ ስለ ነበር ጭላዳን የማውቀው እንደ ጠላት ነው። ጭላዳ ቀኑን በሜዳ ላይ ሣር ሲነጭ ይውልና፣ ሲመሽ አራዊት እንዳያገኙት ወደ ገደሉ ወርዶ፣ ሰው ቢቆምበት ራሱን በሚያዞረው የድንጋይ እርከን ላይ ያድራል። አንድ ቀን ማታ አንዲት እናት ከመንጋው ወደ ኋላ ቀርታ፣ በጀርባዋ አዝላው የዋለችውን ልጅዋን ወደ ደረትዋ አዙራ፣ በሁለት እጅዋ አቅፋ፣ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ ስትቀመጥ አየሁ። አዝኜላት ወንጭፌን ጣልሁ ብልህ ውሸት ይሆንብኛል፤ ወረወርሁባት፤ ደግነቱ ሳትኋት። እርስዋም ልጅዋን ይበልጥ ከማጥበቅ በቀር ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ይህን ነገር በውሃ ውስጥ እንኳ ታገኘዋለህ። ዛሬ ከሐይቅ እየተጠመደ የሚወጣውን፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ተመልከት። እናቲቱ እንቁላልዋን የምትፈለፍለው በአፍዋ ውስጥ ይዛ ነው። ልጆችዋ ከተፈለፈሉ በኋላም ጠላት ሲመጣባቸው፣ ደግሞም ሲመሽ፣ ተመልሰው ወደ አፍዋ ይገባሉ። አፍዋ የልጆችዋ መኝታ ሆኖ በሚሰነብትበት ጊዜ እርስዋ ጾመኛ ናት ማለት ይቻላል።

ስለዚህች ዓሣ ባነበብሁ ጊዜ እናቴን አሰብሁ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ረሃብ በመታው ጊዜ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ማታ ማታ በምድጃው ዳር ቁርበት ተነጥፎልን፣ ከእኅቶቼና ከወንድሞቼ ጋር ተደራርበን እንተኛ ነበር። እራት የምንለው አንዳንድ እፍኝ ቆሎ ሲሆን፣ እናቴ «እኔ ቀምሻለሁ» ትለን ነበር። ከዚያም ተረት ትጀምራለች። በደኅናው ዘመን ተረትዋ አጭር ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ረዘመ። ጦጣዋ ንጉሡን አንበሳ ካታለለች በኋላ ወንዝ ትሻገራለች፤ ከወንዙ ማዶ ሌላ አገር፣ በዚያም አገር ሌላ ንጉሥ ይገኛል። እኛ ደስ አለን እንጂ ምክንያቱን አልጠረጠርንም። የተራበ ልጅ ቶሎ አይተኛምና፣ ለካስ ተረቱን የምታስረዝመው እንቅልፋችን እስኪመጣ ድረስ ኖሮአል።

ክፉው ዘመን ካለፈ በኋላ ወደ ሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ። በዚያም የብረት አልጋና ንጹሕ አንሶላ ለብቻዬ ተሰጠኝ። በሦስት ሰዓት ደወል ይደወላል፤ ፋኖሱም ይጠፋል። ቋንቋና ሒሳብ ያስተማሩኝን ሰዎች እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ያጣሁት ምግብ አልነበረም፤ በጎኔ የሚተነፍስ ሰው ነበር እንጂ። ኋላ እንደ ተማርሁት፣ የቺምፓንዚ እናት ማታ ማታ በዛፍ ላይ ቅርንጫፍ እያጠፈች አዲስ መኝታ ትሠራለች፤ ልጅዋም አራትና አምስት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ከእርስዋ ጋር ያድራል። እንግዲህ ብቻውን መተኛት የሚፈራ ሕፃን ፈሪ ተብሎ ሊሰደብ አይገባውም፤ ፍርሃቱ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነውና።

ስለ እናቶች ብቻ እንደ ተናገርሁ አንተም ሳትታዘበኝ አልቀረህም። በአገራችን ሐይቆች ዳር፣ በውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል የሚራመድ፣ ጣቱ እጅግ የረዘመ ወፍ አለ። በዚህ ወፍ ዘንድ እንቁላሉን የሚታቀፈው አባትየው ነው፤ ጫጩቶቹንም በክንፉ ሥር ሸጕጦ ሲሄድ እግራቸው ብቻ ተንጠልጥሎ ይታያል። እኔ እንደዚህ ወፍ አልነበርሁም። ማታ የሰው ልጆችን ደብተር አርም ነበር። ሴት ልጄ የጋቢዬን ጫፍ ይዛ «አባዬ፣ ተረት» ስትለኝ «ነገ» እላት ነበር። የአንዱ ክፍል ደብተር ብቻ ሰባ ነበርና ሰበብ አላጣሁም። ከጊዜ በኋላ መጠየቅዋን ተወች። የተወችበትን ቀን ግን አላውቀውም፤ ያወቅሁት ብዙ ቈይቼ፣ ትምህርት በተዘጋበት በአንድ የክረምት ማታ «ነዪ፣ ተረት ልንገርሽ» ብዬ ስጠራት፣ «እንቅልፌ መጥቷል አባዬ» ባለችኝ ጊዜ ነው።

ባለፈው ጥምቀት ይህችው ልጄ ሕፃንዋን ይዛ ከደሴ መጥታ፣ ሐይቅ ከተማ ከእኛ ዘንድ አደረች። ማታ ልጅዋን ስታስተኛ በበሩ በኩል ሳልፍ የጦጣዋን ተረት ሰማሁ። ጦጣዋ ወንዙን ተሻገረች፤ ሌላ አገርና ሌላ ንጉሥም መጣ። እኔ አልነገርኋትም። ነፍስዋን ይማርና፣ እናቴ በመጨረሻ ዘመንዋ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር፤ እኔ ደብተር ሳርም በወዲያኛው ክፍል ልጄን ማን ያስተኛት እንደ ነበር አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

ከሁለተኛው ንጉሥ በኋላ ደግሞ እኔ የማላውቀው ሦስተኛ ንጉሥ ነበረ። በልጅነቴ እዚያ ሳልደርስ እንቅልፍ ይወስደኝ ኖሮ ይሆናል። ሕፃኑ ሳይተኛ አልቀረም፤ ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እኔም መጨረሻውን እንድሰማ ወደ በሩ ተጠጋሁ።