ሎሜ የሚላከው ሠራተኛ ምን ይዞ ይሂድ?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ካይሮ ሲበር አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የተሾመው በ1971 ነው፤ ከ25 ዓመት በኋላ።

ዛሬ ነገሩ ተገላብጧል። አየር መንገዱ መቀመጫውን ቶጎ ባደረገው አስካይ እና በማላዊ አየር መንገድ ውስጥ ባለድርሻ ነው። አሁን አስተማሪው ኢትዮጵያዊው ነው።

ብዙ ኩባንያዎች ሲስፋፉ ሠራተኛን “ዓለም አቀፍ” የሚያደርገው እንግሊዝኛና የሁለት ቀን ሥልጠና ይመስላቸዋል። የሚያስፈልገው ግን ትናንትን አለመርሳት ነው። የበረራ ደኅንነት ደንብ በየትኛውም አገር በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ የሰው አያያዝ ግን አይደለም። ሎሜ የሚሄድ ባለሙያ “እኛ ቤት እንዲህ ነው” ከማለቱ በፊት “እናንተስ እንዴት ትሠሩታላችሁ?” ይበል። የሚያሠለጥነው ወጣት ነገ ወንበሩን እንደሚረከብም አምኖ ይሂድ።

ኢትዮጵያውያን 25 ዓመት ጠብቀዋል። የሎሜው ወጣት ያን ያህል መጠበቅ የለበትም።