የኤዶ አሻንጉሊቶች

ኤዶን የዋሸኋቸው በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ነው። ኤዶ በሶማልኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ጅግጅጋ ያደግን ሰዎች ግን በዕድሜ የገፉ እናቶችን ሁሉ እንዲሁ እንጠራለን። በእጃቸው ሰፍተው ያመጡልኝን 24 የጨርቅ አሻንጉሊት ከመደርደሪያው አንስቼ፣ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቄ ከባንኮኒው ሥር ወሸቅኩት። ከወር በኋላ ሒሳብ ሊቀበሉ ሲመጡ «ኤዶ፣ አልተሸጠም፤ ገበያው ቀዝቅዟል» ብዬ ከረጢቱን አስረከብኳቸው። ገበያው አልቀዘቀዘም ነበር። ቦታውን ለኤልሳ ፈልጌው ነው።

ኤልሳ የ«ፍሮዝን» ፊልም ንግሥት ናት፤ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ወደ ጎን የተጣለ ቢጫ ጉንጉን። የመጀመሪያው ፊልም ኅዳር 2006 ዓ.ም. ወጣ፣ ሁለተኛው ኅዳር 2012። ሱቄ የሚመጡ ልጆች ያወቋት ከሲኒማ ቤት ሳይሆን ከወላጆቻቸው ስልክ ነው። ግን ያውቋታል። በር ላይ ሆነው በጣታቸው እያሳዩ ስሟን ይጠራሉ። እኔም ጣታቸውን ተከትዬ ሄድኩ። ከጅግጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ድንበሩ ላይ ባለችው ቶጎ ውጫሌ፣ በበርበራ ወደብ በኩል ከገባ የቻይና ዕቃ ላይ 900 ኤልሳና 300 ምስሏ ያለበት የትምህርት ቤት ቦርሳ አነሳሁ። 230,000 ብር። ግማሹ የዕቁብ ዕጣዬ ነበር፤ ግማሹን ከእህቴ ተበደርኩ።

ሳልናገረው ማለፍ የማልፈልገው ሌላም ነገር አለ። ዕቃው ፈቃድ የሌለው ኮፒ ነበር። በሳጥኑ ላይ የፊልሙ ስም ራሱ አንድ ፊደል ጎድሎበታል። እናቶች «ኦሪጅናል ነው?» ሲሉኝ «አዎ» እላለሁ። ሙቀት ሲበረታ የዓይኗ ቀለም እየለቀቀ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፤ ከተሸጡት አንዷን አንዲት ልጅ እያለቀሰች መልሳ አምጥታልኛለች። ሌላ ቀይሬ ሰጠኋት። የሰጠኋት ያንኑ ዕቃ ነው።

ስሌቴ ኢድ ነበር። የኢድ ጠዋት ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ዘመድ የሰጣቸውን ብር በጭብጣቸው ይዘው ይመጣሉ፤ የአሻንጉሊት ነጋዴ የወራት ገቢውን በሁለት ቀን ያገኛል። ግን መጋቢት 4 ቀን 2012 ኮሮና አገራችን ገባ። ኢድ ግንቦት 16 ሲውል የሱቄ በር ላይ ሰው አልነበረም።

አንድ ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ «ኮሮና ነው የጣለኝ» እያልኩ ኖርኩ። እኔም አመንኩት። ውሸቴን ያጋለጠው የ2013ቱ ኢድ ነው። ያን ቀን ልጆቹ ተመለሱ። ኳስ አለቀ። የሳሙና አረፋ መንፊያ አለቀ። ጀበናና ሲኒ ያለው የፕላስቲክ የቡና ዕቃ፣ ምንም ስም ያልተጻፈበት፣ እስከ ቀትር አልቆየም። ኤልሳ ግን ቀረች። ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ሳጥኑን አገላብጣ አየችውና «ይቺ እኮ ያረጀች ናት» ብላ መለሰችልኝ። ሳጥኑ ገና አልተከፈተም ነበር።

ያን ማታ መጋዘን ገብቼ ቆጠርኩ። 611 ኤልሳ። ዱቄት ስንገዛ ማብቂያ ቀኑን ከረጢቱ ላይ እናያለን፤ የፊልም አሻንጉሊትም ማብቂያ ቀን አለው፣ ተጽፎ ግን አይመጣም። ቀኑን የሚቆርጠው አሜሪካ ያለ የፊልም ኩባንያ ነው። ቀጣዩ ፊልም መቼ እንደሚወጣ፣ ልጆች መቼ እንደሚሰለቹ የማላውቀው እኔ፣ የእህቴን ገንዘብ ጭምር በዚያ ቀን ላይ አስይዤ ነበር።

በኋላ የሌጎን ታሪክ ሳነብ እጄ ስልኬ ላይ ደርቆ ቀረ። በ1932 እ.ኤ.አ. አንድ ዴንማርካዊ አናጢ ቢሉንድ ውስጥ የመሠረተው ኩባንያ ነው። የ«ስታር ዋርስ»ን፣ ቀጥሎም የ«ሃሪ ፖተር»ን ፈቃድ ገዝቶ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መገጣጠሚያ ብሎኮቹን በፊልሞቹ ስም ሸጠ። ፊልም በወጣበት ዓመት ገንዘብ ይጎርፋል። በ2003 ከሁለቱ አንዱም አዲስ ፊልም አልነበረውም፤ ሽያጩ በሩብ ያህል ወርዶ ኩባንያው ሊወድቅ አፋፍ ላይ ደረሰ። ሌላም ብዙ ስህተት ሠርቶ ነበር፤ ግን የፊልሙ ጥገኝነት አንዱ ቁስል ነው። በ2004 ኃላፊነቱን የተረከበው የ35 ዓመቱ ዮርገን ቪግ ክኑድስቶርፕ ኩባንያውን ወደ ራሱ ብሎክ መለሰው፤ የእሳት አደጋ መኪናው፣ ፖሊስ ጣቢያው፣ ማንም የማይከለክለው የከተማ ሕይወት እንደገና ፊት ወጣ። ፊልሙን አልተወውም። የቤቱ ምሰሶ መሆኑን ነው ያስቀረው። እነሱ ለስሙ ከፍለው ነው የተጎዱት፤ እኔ ሳልከፍል ወስጄ ተጎዳሁ። ጉዳቱ ግን አንድ ዓይነት ነው።

የሚጠቅም መስሏቸው «ሒጃብ የለበሰችዋን ፉላን አምጪ» ያሉኝ ነበሩ። ከዐረቡ ዓለም በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣች አሻንጉሊት ናት፤ ዕድሜዋ ከብዙ ፊልም በልጧል። ምክሩ ክፉ አልነበረም። እኔ ግን ማዳበሪያ ከረጢቱ ነበር ከዓይኔ አልጠፋ ያለው።

ሰኔ ላይ ኤዶ ወደሚኖሩበት ቀብሪበያህ በሚኒባስ ሄድኩ። ኤዶ ግቢያቸው ውስጥ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይሰፋሉ። ስንት ዓመት ዕቃቸውን ስሸጥ ኖሬ ሲሠሩ አይቼ አላውቅም ነበር። የአሻንጉሊቷ ገላ ያረጀ ነጭ ሻሽ ነው፤ ውስጡ ከልብስ ሰፊዎች የተሰበሰበ ቁርጥራጭ። ጸጉሯ ጥቁር የሱፍ ክር። ዓይኗን በቀለም አይሠሩትም፤ በጥቁር ክር አምስት ጊዜ ወግተው ይቋጥሩታል፤ ጥርስም ሙቀትም አይነቅለውም። ከላይ ሽቲ የሚባለውን ቀሚስ ያለብሷታል። ሽቲው የዘንድሮ ነበር። በከተማው ሰርግ ላይ አዲስ ጨርቅ በታየ በሳምንቱ ትራፊውን ከልብስ ሰፊ ጠይቀው አሻንጉሊቷ ላይ ያውሉታል። ልጆቹ እናታቸው የለበሰችውን እዚያ ላይ ያገኙታል። ኤዶ አዲስ ነገር ከየት እንደሚመጣ ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር።

የመጀመሪያዋን አሻንጉሊት የሰፉት ሐርተሼክ የስደተኞች መጠለያ ነው። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ድንበር ተሻገሩ። በ1996 የተዘጋው ያ መጠለያ በዓለም ትልቁ የስደተኛ ጣቢያ የተባለበት ጊዜ ነበር። ጨርቁ የእርዳታ ዱቄት ከረጢት ነበር። ይህን ሲነግሩኝ መርፌያቸው አልቆመም።

ዛሬ ከመደርደሪያዬ ግማሹ የእሳቸውና የሌሎች ሦስት እናቶች ሥራ ነው፤ ከባቢሌ በኩል የመጣ አናጢም ኮር የሚባለውን የግመል ደወል አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች የእንጨት ግመል ይሠራልኛል። የፊልም ዕቃ ከአምስት አንድ እጅ አላሳልፍም፤ «ኦሪጅናል ነው?» ለሚለኝም እውነቱን እናገራለሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ፣ የውጫሌው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ዘለለ። የኤዶ ክርም ጥቂት ጨመረ። ሱቄ ግን አልተዘጋም። የእህቴን ገንዘብ የመጨረሻውን የከፈልኩት በዚያው ዓመት ነው።

ያን ቀን ግራሩ ሥር የሄድኩበትን ነገር ለማውጣት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ሻይ ተጠጣ። በመጨረሻ «ኤዶ፣ ያኔ አልተሸጠም ያልኩዎት ውሸት ነው። ከባንኮኒ ሥር ነው ያስቀመጥኩት፤ አንድም ሰው አላየውም» አልኩ።

«አውቃለሁ፣ ሆዮ» አሉኝ። ሆዮ እናት ማለት ነው፤ ሶማሌ እናት ልጇንም በዚሁ ቃል ትጠራለች። «ቤቴ ገብቼ ከረጢቱን ስፈታው አንዲቷም አቧራ አልነበራትም። ጅግጅጋ ውስጥ ወር ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አቧራ የማይነካው ዕቃ የታለ?»

የማደርገው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ። እሳቸው መርፌያቸውን ሻሹ ላይ ሰክተው ተነሡ፣ ቤት ገብተው 12 አሻንጉሊት ይዘው መጡና ሰሌኑ ላይ አንድ በአንድ ደረደሯቸው። ካሁን በኋላ ሒሳቡን ቅድሚያ እንደሚቀበሉ ነገሩኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ ብሩን እየቆጠርኩ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ።